ስፖርት ለድባቴ ይጠቅማል፤ ምስክሩ ግን የአንጎል ፎቶ አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ስለ ድባቴና ስለ አካል ብቃት እንቅስቃሴ የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። ጸሐፊው የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ድባቴ ዛሬ በአንጎል ምስል ላይ በዓይን የሚታይ በሽታ ሆኗል፤ ለዚህም አንዱ ጨለማ ሌላው ብሩህ የሆኑ ሁለት አንጎሎችን ለጥፏል። በድባቴ የተያዘ ሰው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎሉ ክፍል ይኮማተራል፤ ስፖርት ደግሞ መልሶ ያሳድገዋል። የሃያ ደቂቃ የእግር ጉዞ አንጎልን እንዴት እንደሚያነቃ የሚያሳይ ባለ ቀይና ሰማያዊ ፎቶም አለ። ስለዚህ ሩጫ ከመድኃኒት ይበልጣል፤ ኪኒን የሚውጥ ሰው አቋራጭ ፈላጊ ነው። ይህን ሁሉ ሰምቶ ከአልጋው የማይነሳ ሰው ደግሞ የጎደለው ፈቃድ ብቻ ነው።

ስፖርት ለድባቴ ይጠቅማል በሚለው እስማማለሁ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው፣ እንዲህ ያለ ምላሽ ሲጻፍ «ታዲያ ስፖርት አትሥሩ ልትለን ነው?» የሚል አንባቢ ስለማይጠፋ ነው። የማልስማማው በምስክሩ ነው። ጸሐፊው እውነት የሆነ ጉዳይ ይዞ፣ መስቀለኛ ጥያቄ የማይችል ምስክር አቆመለት። ምስክሩ ሲረታ ጉዳዩም አብሮ ይረታል፤ ያኔ የሚጎዳው ጸሐፊው ሳይሆን በጽሑፉ ተስፋ አድርጎ የነበረው ሕመምተኛ ነው።

አንድ የቃል ነገር ላስቀድም። ጽሑፉ «ድብርት» እና «ድባቴ» የሚሉትን ቃላት እያቀያየረ ይጠቀማል። በየዕለቱ ደበረኝ እንላለን፤ ስብሰባ ሲረዝምም፣ ሰማዩ ሲጨልምም። ያ በአንድ ጥሩ የእግር ጉዞ ሊለቅ ይችላል። እኔ እዚህ ድባቴ የምለው ሐኪሞች የሚሉትን ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ አብዛኛውን ቀን፣ ስሜት ሲወድቅ ወይም ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙ ሲጠፋ፣ ከዚያም እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበትና ሐሳብ የመሰብሰብ አቅም አብረው ሲናጉ ነው። ሁለቱን መቀላቀል የጽሑፉ የመጀመሪያ ስህተት ቢሆንም ትንሹ ስለሆነ አልፈዋለሁ።

በዓይን ይታያል ስለተባለው

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ ራሴ በድባቴ በተያዝኩ ጊዜ፣ አብሮ የመጣው የራስ ምታት ያሳሰበው ሐኪም ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የአንጎል ምስል) አዘዘልኝ። ውጤቱ ንጹሕ ነበር። ዕጢ የለም፣ የደም መፍሰስ የለም፣ ሁሉም በቦታው ነው። ቤተሰቤ ደስ አለው፤ እኔም እፎይ አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ደስታው መልኩን ቀየረ። ታላቅ እህቴ፣ ክፋት ሳይኖርባት፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ማሽኑ እኮ ምንም የለብህም ብሏል፤ ታዲያ ለምን አትነሳም?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬ አለኝ፤ ድባቴ በኤምአርአይ አይመረመርም። ምርመራው የሚደረገው ሰውየውን በመጠየቅ፣ ታሪኩን በመስማት፣ አንዳንድ ጊዜም ድባቴ የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞችን (ለምሳሌ የእንቅርት ዕጢ መዛባትን) በደም ምርመራ በመለየት ነው። ኤምአርአይ የሚታዘዘው ሌላ ነገር እንዳይኖር ለማጣራት ነው። ስለዚህ የኔ «ንጹሕ» ውጤት ስለ ድባቴዬ የተናገረው ነገር አልነበረም። በሽታው በምስል ይታያል የሚለው አባባል ሕመምተኛውን የሚደግፍ ይመስላል። ግን ምስሉ ንጹሕ የወጣለት ሰው ምን ይበል? ያው አባባል ዞሮ በእሱ ላይ ይመሰክርበታል።

ጉዳዩ የኔ ገጠመኝ ብቻ አይደለም። በ2022 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጃማ ሳይካያትሪ በተባለው መጽሔት የወጣ አንድ የጀርመን ተመራማሪዎች ጥናት 1,809 ሰዎችን፣ ድባቴ ያለባቸውንና የሌለባቸውን፣ በብዙ ዓይነት የአንጎል ምስል አነጻጸረ። የአንጎልን ቅርጽ አዩ፤ በሥራ ላይ ያለውን አንጎል አዩ፤ ዕረፍት ላይ ያለውንም አዩ። በምርጡ መለኪያ እንኳ የሁለቱ ቡድኖች ውጤት 87 በመቶ ያህል ይደራረባል። አንድን ሰው በምስሉ ብቻ ድባቴ አለበት ወይስ የለበትም ብሎ የመለየት አቅሙም ከ54 እስከ 56 በመቶ ነበር። ሳንቲም ወርውሮ የሚፈርድ ሰው 50 ያገኛል።

ታዲያ በጽሑፉ ላይ የተለጠፉት ሁለት አንጎሎች፣ አንዱ ጨለማ ሌላው ብርሃን የሆኑት፣ ከየት መጡ? እንዲህ ያሉ ምስሎች ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ በጉልህ እንዲታይ የተመረጡ ናቸው። ቀለሙ የአንጎሉ አይደለም፤ የኮምፒውተሩ ነው። አንጎል ውስጥ ቀይም ሰማያዊም የሚበራ ነገር የለም። ከየትኛው ቁጥር በላይ ቀይ ይቀባ፣ ከየትኛው በታች ይጥቆር የሚለውን የሚወስነው ሰው ነው፤ ወሰኑን ትንሽ ከፍ ዝቅ ቢያደርገው ጨለማው አንጎል ሊበራ፣ ብሩሁም ሊጨልም ይችላል።

ኤፍኤምአርአይ የሚባለው ዘዴ ምን እንደሚለካ ማወቅ እዚህ ላይ ይረዳል። ጃፓናዊው ሴጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በ1990 መንገዱን የከፈቱት ይህ መሣሪያ የነርቭ ሴሎችን ሥራ በቀጥታ አያይም። የሚያየው ደምን ነው። ኦክስጅን የያዘ ደምና ኦክስጅኑን የሰጠ ደም ማግኔት ውስጥ ጠባያቸው ይለያያል። አንድ የአንጎል ክፍል ሲሠራ ወደዚያ የሚጎርፈው ደም ይጨምራል፤ ጭማሪው ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ግን ከአምስት ሰከንድ ያህል በኋላ ነው። ምስሉ ላይ አንዲት ነጥብ የምትመስለው ጥቂት ሚሊሜትር ኪዩብም በውስጧ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የነርቭ ሴሎች አሉ። ከሩቅ ሆኖ የአንድን ትልቅ ሕንፃ የመብራት ቆጣሪ እንደማንበብ ነው፤ ሰዎች ገብተው እየሠሩ እንደሆነ ይነግርሃል፤ ምን እንደሚነጋገሩ ግን አይነግርህም።

የሞተው ዓሣ ታሪክ እዚህ ላይ ቢነገር ያምራል። በ2009 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድ የሞተ ሳልመን ዓሣ ማሽኑ ውስጥ አስተኝተው የሰዎችን ፎቶ «አሳዩት»፤ ፎቶው ላይ ያሉት ሰዎች ምን እየተሰማቸው እንደሆነ እንዲገምትም «ጠየቁት»። ከዚያ መረጃውን አስፈላጊውን ስታቲስቲካዊ እርማት ሳያደርጉ ሲተነትኑት የዓሣው አንጎል ውስጥ የሚሠሩ ነጥቦች ታዩ። ዓሣው ከሞት አልተነሳም። በሺዎች የሚቆጠሩ ነጥቦችን በአንድ ጊዜ ስትፈትሽ ጥቂቶቹ በአጋጣሚ እንደሚበሩ ለማሳየት ሆን ብለው የሠሩት ነው። ሥራው መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ የሚያሳስብ ምርምርን የሚሸልመውን ኢግ ኖቤል በ2012 አገኘ።

ይህ የቆየ ቀልድ ነው፤ ዛሬ ሁሉም እርማቱን ያደርጋል የሚል ካለ፣ በ2020 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣውን ይመልከት። አንድ ዓይነት የኤፍኤምአርአይ መረጃ ለ70 የምርምር ቡድኖች ተሰጠ። አተናተናቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቡድኖች አልተገኙም፤ ከቀረቡላቸው ዘጠኝ መላምቶች በበርካታዎቹ ላይም አንዱ «አዎ» ሲል ሌላው «የለም» አለ። ወደ ድባቴ ስንመጣ፣ በ2017 የወጣ አንድ ጥናት የ57 ሥራዎችን 99 ሙከራዎች አንድ ላይ አድርጎ «ድባቴ ያለበት ሰው አንጎል የትኛው ቦታ ላይ ነው በተለየ መንገድ የሚሠራው?» ብሎ ጠየቀ። ሙከራዎቹ በአንድነት የሚጠቁሙት ቦታ አልተገኘም።

ስለ ሂፖካምፐስ

የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብዬ ላየው።

ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ሂፖካምፐስ በአማካይ አነስ ይላል የሚለው ትክክል ነው። በ2016 ኢኒግማ የተባለው ዓለም አቀፍ ትብብር 1,728 ድባቴ ያለባቸውንና 7,199 ጤነኛ ሰዎችን አነጻጽሮ ልዩነቱን አገኘ። መጠኑ ስንት ነው? 1.24 በመቶ። ጽሑፉ ይህን ቁጥር አልጠቀሰም፤ የጠቀሰው «ይኮማተራል» የሚለውን ግስ ብቻ ነው። ልዩነቱን በሌላ መንገድ ላስቀምጠው፦ አንድ ድባቴ ያለበትና አንድ ጤነኛ ሰው በዕጣ ብታወጣ፣ የሕመምተኛው ሂፖካምፐስ ያነሰ ሆኖ የምታገኘው ከመቶ 54 ጊዜ ያህል ነው። በቀሩት 46 ጊዜያት የሚያንሰው የጤነኛው ነው።

ሌላም አለ። ልዩነቱ የታየው በተለይ ድባቴው በተመላለሰባቸውና ገና በወጣትነታቸው በጀመራቸው ሰዎች ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በታመሙት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ መቀነሱ የድባቴው መንስኤ ነው፣ ወይስ ለዓመታት የቆየ ሕመም የተወው አሻራ? በአንድ ወቅት የተነሳ ምስል ይህን አይመልስም። ጽሑፉ ግን መንስኤ አድርጎ ወስዶ ጨርሷል።

ስፖርት ያሳድገዋል ወደሚለው እንሂድ። ጸሐፊው የተመረኮዘው በ2011 በወጣ ታዋቂ ጥናት ላይ ነው። ጥናቱ እውነተኛ ነው፤ ጥሩም ነው። 120 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን 40 ደቂቃ ድረስ በፍጥነት ተራመዱ፣ ግማሾቹ አካላቸውን የሚያፍታቱ ቀላል እንቅስቃሴዎችን ሠሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ የተራማጆቹ ሂፖካምፐስ 2 በመቶ ጨመረ፤ የሌሎቹ 1.4 በመቶ ቀነሰ። ታዲያ እነዚህ 120 ሰዎች እነማን ነበሩ? ከ55 እስከ 80 ዓመት የሆናቸው ጤነኛ አዛውንቶች። ጥናቱ የጠየቀው ስለ እርጅናና ስለ ማስታወስ ችሎታ ነው። ድባቴ የጥናቱ ጉዳይ አልነበረም። ጸሐፊው ከአንዱ ጥናት «ድባቴ ያሳንሰዋል» የሚለውን፣ ከሌላው «መራመድ ያሳድገዋል» የሚለውን ወስዶ «ስለዚህ መራመድ ድባቴን የሚፈውሰው በዚህ መንገድ ነው» ብሎ ሰፋው። ሁለቱ ጨርቆች ከተለያየ ሰው ልብስ የተቀደዱ ናቸው።

ሁለቱን በአንድ ላይ የሞከረ ጥናት አለ። ዴንማርካውያን ተመራማሪዎች በ2014 ባወጡት ሥራ 79 ድባቴ ያለባቸውን ሰዎች ለሦስት ወር ያህል ከፊሎቹን ልብና ሳንባን የሚያሠራ ስፖርት፣ ከፊሎቹን የማፍታታት እንቅስቃሴ አሠርተው ሂፖካምፐሳቸውን ለኩ። በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። በ2018 ደግሞ 14 ጥናቶችንና 737 ሰዎችን ያጠቃለለ ሥራ ስፖርት በጠቅላላው የሂፖካምፐስ መጠን ላይ ጉልህ ለውጥ እንዳላመጣ፣ በግራው በኩል ግን መጠነኛ ጥቅም እንዳለው፣ እሱም በዋናነት በማሳደግ ሳይሆን ከመቀነስ በመጠበቅ እንደሆነ አሳየ።

አዳዲስ የነርቭ ሴሎች ይወለዳሉ የሚለው የጽሑፉ ዓረፍተ ነገርስ? መነሻው አይጥ ነው። በ1999 የወጣ ጥናት መሽከርከሪያ ላይ የሚሮጡ አይጦች ሂፖካምፐስ ውስጥ አዳዲስ ሴሎች እንደሚበረክቱ አሳይቷል፤ ይህ በአይጥ ላይ በደንብ የታወቀ ነው። በአዋቂ ሰው ላይ ግን ሴሎቹ መወለዳቸው ራሱ አከራካሪ ነው። በ2018 በአንድ ወር ያህል ልዩነት ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ወጡ፤ አንደኛው በአዋቂ ሰው ሂፖካምፐስ ውስጥ አዲስ የነርቭ ሴል ፈልጎ አጣ፤ ሌላው እስከ እርጅና ድረስ ይወለዳሉ አለ። በሕይወት ያለን ሰው ኤምአርአይ አስነስቶ አዲስ ሴል መቁጠር ደግሞ እስካሁን የሚቻል ነገር አይደለም።

ቀይና ሰማያዊው ጭንቅላት

ይህን ፎቶ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከላይ የታዩ ሁለት ጭንቅላቶች፤ አንዱ ከተቀመጠ በኋላ ሰማያዊ፣ ሌላው ከሃያ ደቂቃ የእግር ጉዞ በኋላ ቀይ። ጽሑፉ ድባቴ ያለበት ሰው አንጎል በጉዞ እንዴት እንደሚነቃ ያሳያል ብሎ አቅርቦታል።

ፎቶው ከ2009 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የመጣ ነው። የተጠኑት ዘጠኝና አሥር ዓመት ገደማ የሆናቸው ሃያ ልጆች ናቸው። ድባቴ የጥናቱ ርዕስ አልነበረም። የተለካውም በኤምአርአይ ሳይሆን ራስ ቅል ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች፣ በኢኢጂ ነው። ልጆቹ ትኩረት የሚፈትን ሥራ ሲሠሩ የሚነሳው የኤሌክትሪክ ሞገድ ከጉዞ በኋላ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ቀዩ ያ ነው። እያንዳንዱ ጭንቅላትም የሃያውም ልጆች አማካይ ነው እንጂ የአንድ ሰው አንጎል አይደለም። ልጆችን ከፈተና በፊት ትንሽ ማንቀሳቀስ ሳይጠቅም አይቀርም ለሚል ሰው መልካም ማስረጃ ነው። ለድባቴ ግን የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

እዚህ ላይ የአንጎል ፎቶ የተለጠፈበትን ጽሑፍ ሰው ይበልጥ ያምናል የሚል የ2008 ጥናት ጠቅሼ ጸሐፊውን ልወጋው አስቤ ነበር። ሳጣራ በ2013 ሌሎች ተመራማሪዎች ወደ ሁለት ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ ደግመው ሞክረውት የፎቶው ኃይል ኢምንት ሆኖ አገኙት። እናም ነጥቡን ተውኩት፤ ቢመቸኝም።

ከመድኃኒት ይበልጣል ስለተባለው

ጽሑፉ እዚህ ላይ አደገኛ ይሆናል።

የጠቀሰው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በ1999 የወጣ ነው፤ 156 ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ለ16 ሳምንታት ስፖርት፣ ወይም ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት፣ ወይም ሁለቱንም ወሰዱ። መጨረሻ ላይ ሦስቱም ቡድኖች ተቀራራቢ መሻሻል አሳዩ። ጸሐፊው ያልነገረን ሁለት ነገር አለ፤ መድኃኒቱን የወሰዱት ቶሎ መሻል መጀመራቸውን፣ ደግሞም መድኃኒት የሌለበት ባዶ ኪኒን የሚወስድ የማነጻጸሪያ ቡድን ያልነበረ መሆኑን። እንዲህ ያለ ቡድን ከሌለ ሦስቱም የተሻላቸው በሕክምናው ይሁን በጊዜና በተስፋ መለየት ያስቸግራል።

ራሳቸው ተመራማሪዎቹ ይህን ጉድለት አይተው በ2007 ሌላ ጥናት አወጡ። 202 ሰዎች፣ አራት ወር፣ አራት ቡድን። ከድባቴ የወጡት ከአሠልጣኝ ጋር ስፖርት ከሠሩት 45 በመቶ፣ ቤታቸው ብቻቸውን ከሠሩት 40 በመቶ፣ መድኃኒት ከወሰዱት 47 በመቶ፣ ባዶውን ኪኒን ከወሰዱት 31 በመቶ ነበሩ። እነዚህን አራት ቁጥሮች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። ስፖርትና መድኃኒት ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አልበለጠም። ከሦስት ሰው አንዱ ያህል በባዶ ኪኒንም ወጥቷል። በየትኛውም ቡድን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው ደግሞ በአራት ወር ሙሉ በሙሉ አልዳነም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት በ2013 ባወጣው ግምገማ 39 ጥናቶችን አይቶ ስፖርት መካከለኛ ጥቅም እንዳለው አገኘ፤ በጥንቃቄ የተሠሩትን ስድስቱን ብቻ ነጥሎ ሲያይ ግን ጥቅሙ በጣም አነሰ። በ2024 ቢኤምጄ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ደግሞ 218 ጥናቶችንና 14,170 ሰዎችን አካቶ፣ መራመድና ሶምሶማ፣ ዮጋ፣ ክብደት ማንሳት ድባቴን እንደሚቀንሱ ደመደመ፤ ጠንከር ያለው እንቅስቃሴም ይበልጥ እንደሚረዳ። የማስረጃውን ጥራት ግን ራሱ ዝቅተኛ ብሎ ነው የመዘነው፤ ስፖርት የሠራ ሰው ስፖርት መሥራቱን ስለሚያውቅ ባዶ ኪኒን ዓይነት ማነጻጸሪያ ማዘጋጀት ከባድ ነው።

በእነዚህ ሁሉ ጥናቶች ውስጥ መሻሻል የተለካው በምንድን ነው? በጥያቄ። እንቅልፍህ እንዴት ነው? ራስህን ትወቅሳለህ? የምትወደው ነገር ደስ ይልሃል? ስፖርት ለድባቴ ይጠቅማል የምንለው በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለእነዚህ ጥያቄዎች በሰጡት መልስ ነው። የአንጎል ፎቶው ከዚያ በኋላ የመጣ ጌጥ ነው። ጸሐፊው የሰውን ቃል እንደ ደካማ ማስረጃ፣ የማሽኑን ምስል እንደ ጠንካራ አድርጎ አስቀምጧል፤ በዚህ ጉዳይ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

መድኃኒቱንም አቋራጭ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ግምገማ 522 ጥናቶችን፣ 116,477 ሰዎችን መርምሮ 21ዱም የድባቴ መድኃኒቶች ከባዶ ኪኒን እንደሚሻሉ፣ ብልጫቸው በአማካይ መጠነኛ እንደሆነ አሳይቷል። ልክ እንደ ስፖርቱ። መድኃኒት እየወሰደ ያንን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ካለ፦ በራስህ ጊዜ በድንገት እንዳታቆም። ማዞር፣ የእንቅልፍ መረበሽ፣ ጭንቀት ሊመጣ ይችላል፤ ሕመሙም ሊመለስ ይችላል። ማቆም ካለብህ ከሐኪምህ ጋር ተነጋግረህ ቀስ በቀስ ነው። ራሱን የማጥፋት ሐሳብ የሚመጣበት ሰው ደግሞ ዛሬውኑ ለሚያምነው ሰውና ለሐኪም ይንገር እንጂ በሩጫ ጫማ ብቻ አይሸኝ።

ስፖርት ድባቴ እንዳይመጣ ይከላከላል ለሚለው ጽሑፉ አንድ መስመር ብቻ ነው የሰጠው፤ ሊያሰፋው የሚገባው ይህን ነበር። በ2022 የወጣ፣ 191,130 ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ 15 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት ተኩል በፍጥነት የሚራመዱ ሰዎች ከማይንቀሳቀሱት ይልቅ በድባቴ የመያዝ ዕድላቸው በ25 በመቶ ያነሰ መሆኑን አሳየ። የዚያን ግማሽ የሚራመዱትም በ18 በመቶ። ትልቁ ጥቅም የሚገኘው ከምንም ወደ ጥቂት በመሄድ ነው ማለት ነው። (እነዚህ ሰዎችን ከሩቅ የተከታተሉ ጥናቶች ናቸው፤ ድባቴ ሊጀምረው ያለ ሰው አስቀድሞ እንቅስቃሴውን ይቀንስ ይሆናል የሚለው ጥርጣሬ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።) ለዚህ ሁሉ አንድም የአንጎል ምስል አላስፈለገም።

ፈቃድ ስለጎደለው ሰው

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ጽሑፉ ይህን ተረት አልጠቀሰም፤ የመጨረሻው አንቀጹ ግን ከዚያ የተለየ አይልም። ከልቡ መዳን የፈለገ ሰው ተነስቶ ይሮጣል ነው ነገሩ።

ጉልበት ማጣት፣ መነሳሳት ማጣት፣ የእንቅስቃሴ መዘግየት የድባቴ ምልክቶች ናቸው። እግሩ የተሰበረን ሰው ከልብህ ብትፈልግ ትራመድ ነበር አንለውም። እኔ በዚያ ወቅት ጫማዬን ለማሰር ተቀምጬ፣ አንዱን አስሬ፣ ሁለተኛውን ሳላስር ሃያ ደቂቃ ወለሉን ሳይ የቆየሁበት ቀን ነበር። መራመድ እንደሚጠቅም አውቅ ነበር፤ የጎደለኝ መረጃ አልነበረም።

በ2012 ቢኤምጄ ላይ የወጣ የብሪታንያ ጥናት ለዚህ መልስ አለው። 361 ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ተሳተፉ፤ ግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ እንዲንቀሳቀሱ የሚያበረታታ አማካሪ ተመደበላቸው። እንቅስቃሴያቸው ጨመረ ሲሉ ተናገሩ፤ ድባቴያቸው ግን ከሌሎቹ የተለየ መሻሻል አላሳየም። ምክርና ማበረታቻ ብቻውን አልበቃም። በ2016 ደግሞ 440 ሰዎችን ያሳተፈ ሌላ ጥናት፣ ሰው ስሜቱ እስኪስተካከል ሳይጠብቅ ትንንሽ ሥራዎችን በዕቅድ እንዲጀምር የሚረዳው ሕክምና፣ ብዙ ሥልጠና ባልወሰዱ ባለሙያዎች ሲሰጥ እንኳ፣ ከታወቀው የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና እንደማያንስ አሳይቷል። በዚህ ሕክምና ፈቃድ ቀድሞ እንዲመጣ አይጠበቅም፤ ከሥራው በኋላ ይመጣል። ሥራውን የሚያስጀምር ሌላ ሰው ግን ከጎን አለ።

በኔ ጉዳይ ያ ሌላ ሰው ይህን ጽሑፍ የላከልኝ ወዳጄ ነው። በየቀኑ አመሻሽ ላይ መጥቶ በሩ ላይ ይቆም ነበር። ስለ ሂፖካምፐስ አንድም ቀን አላነሳብኝም። «እስከ ጥጉ ደርሰን እንመለስ» ነበር የሚለው፤ አንዳንድ ቀን እስከ ጥጉም አልደረስንም። መድኃኒቴንም እየወሰድኩ ነበር። ከሁለቱ የትኛው እንዳነሳኝ አላውቅም፤ ኤምአርአይ ብነሳም የሚነግረኝ አይመስለኝም።

የአንጎል ምስል ምርምር ከንቱ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በ2005 የነርቭ ሐኪሟ ሔለን ሜይበርግና ባልደረቦቿ በምስል ጥናት የለዩትን አንድ ጠባብ የአንጎል ቦታ በቀጭን ሽቦ በኤሌክትሪክ አነቃቅተው፣ ሌላ ሕክምና ሁሉ ካልሠራላቸው ስድስት ሰዎች አራቱ ተሽሏቸዋል። ሐሳቡ በ90 ሰዎች ላይ ሲሞከር በስድስት ወር ውስጥ ከማነጻጸሪያው የተለየ ውጤት ስላልታየ ሙከራው ተቋረጠ፤ ምርምሩ ግን ቀጥሏል። ሳይንሱ ያለው እዚህ ነው፤ ተስፋ ሰጪ፣ ያልተቋጨ፣ ከተለጠፈው ፎቶ ይልቅ በጣም ትሑት።

ጸሐፊው ጽሑፉን እንዲያነሳ አልጠይቀውም። ሁለት ነገር ብቻ ያርም፦ በቀይና ሰማያዊው ፎቶ ሥር «የሃያ ልጆች አማካይ፣ በኢኢጂ የተለካ፣ ስለ ድባቴ ያልተጠና» ብሎ ይጻፍበት። ኪኒኑን አቋራጭ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ ይሰርዝ፤ ያነበበው ሰው ነገ ጠዋት ብልቃጡን ሊጥል ይችላልና።